ክቡር «ቀላል ነው» እና ሦስተኛዋ ሮኬት

በእያንዳንዱ ቤተሰብ ውስጥ አንድ «ቀላል ነው» የሚል ሰው አለ። የለንም የሚል ቤተሰብ ካለ ቧንቧው የማያንጠባጥብ፣ በሩ ሳይገፋ የሚዘጋ፣ የጠረጴዛው እግር አራቱም መሬት የሚነካ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ቤት ደግሞ እስካሁን ገብቼ አላውቅም።

የእኛ ባለማዕረግ አጎቴ ናቸው፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም። ፊት ለፊት «አንተ» እላቸዋለሁ፤ በጽሑፍ ግን ክብራቸውን መንካት ስለማልደፍር በአንቱታ ልቀጥል። ሥራቸው የፎቅ አሳንሰር መጠገን ነው። ሰው በሁለት ፎቅ መካከል ቀርቶ ሲጮህ አፋቸውን በሩ ላይ ደቅነው «አይዟችሁ፣ ቀላል ነው!» ይላሉ። አመሉ የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። አሳንሰሩን የምር ያውቁታል፤ ሌላው ነገር ውስጥ የሚገቡት ግን በድፍረት ብቻ ነው።

የእናቴን የዕቃ ማጠቢያ ቧንቧ «ቀላል ነው» ብለው ነኩት። ሁለት ቀን ከታች ቤት ጎረቤታችን በተዋስነው ባልዲ ውሃ ስንቀዳ ከረምን። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን ባልዲዬን መልሱልኝ አለች፤ ውሃው እሷም ጣሪያ ደርሶ ነበር። ቁም ሳጥን ገጣጥመው ሲጨርሱ ደግሞ አሥራ አንድ ብሎን ተረፈ። «ፋብሪካው አብዝቶ ነው የሚልከው» አሉ። ቁም ሳጥኑ ዛሬም ቆሟል። ብቻ በሩን በኃይል የሚከፍት ሰው የለም።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ ሮኬት ልሥራ ብለው የተነሡት። የልጅ መጫወቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቁመቷ እኔን የሚያህል፣ በትልቅ ሞተር ደመና ለመንካት የምትወጣ ሮኬት። የሮኬት ሠሪዎች ክበብ ውስጥ ተመዘገቡ። የክበቡ ሕግ አጭር ነው፦ ሮኬትህ ይውጣ፣ ፓራሹቱ ይከፈት፣ ሳይሰበር ይውረድ። ያኔ ዳኛዋ አይታ ትፈርማለች፤ ፈቃድ ታገኛለህ። ሞተሩን ክበቡ ራሱ አሽጎ ይሰጣል። እዚያ ላይ «ቀላል ነው» ማለት ክልክል ነው።

የሮኬቷ ገላ ጨርቅ ቤት ጣቃ የሚጠቀለልበት ወፍራም የካርቶን ቱቦ ነው። ክንፎቿ ከኮምፔንሳቶ ተቆረጡ፤ አፍንጫዋ እንደ ክዳን ይነቀላል። መኖሪያዋ የአጎቴ ቤት ኮሪደር ነው፣ ከማቀዝቀዣው አጠገብ። እንግዳ ሲመጣ ኮቱን ክንፏ ላይ ይሰቅላል። እኔና እናቴ የምንኖረው ፊት ለፊታቸው ስለሆነ እዚያ ኮሪደር ውስጥ ጎናችን ያልተቧጨረበት ቀን የለም።

የመጀመሪያዋ ሮኬት አፍንጫዋ ቀሎ ነበርና ተነሥታ፣ ዞራ፣ ተመልካቹን በተራ ጎበኘች። የተጎዳ ሰው የለም፤ ሁሉም መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። ሁለተኛዋ ቀጥ ብላ ወጣች፤ ፓራሹቷ ተጠቅጥቆ ሳይከፈት ቀረና ቀጥ ብላ ተመለሰች። ሜዳው ላይ እንደ አጥር እንጨት ተተከለች።

የአጎቴ ሚስት የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት፤ በግራም የምታስብ፣ በግራም የምትናገር ሴት። «ስማ» አለቻቸው፣ «ሦስተኛዋም ከወደቀች ኮሪደሬን ትለቅልኛለህ።»

«ሦስተኛዋ ከወደቀች ዳግመኛ ሮኬት የሚባል ነገር አልነካም። ይኸው ቃሌ!»

«እሰይ!» አለች እናቴ። «ምስክር ነኝ።»

እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ያን ሳምንት ሙሉ «ወድቃ በተገላገልን» እየተባባልን ሰነበትን።

እሳቸው ግን ሳምንቱን ሙሉ ሰበኩ። «አፍንጫዋ ካልከበደ ትስታለች! ሁሉ ነገር አፍንጫ ነው!» እናቴ መዋዕለ ሕፃናት ስለምታስተምር ልጆች ቅርጽ የሚሠሩበትን ባለቀለም ጭቃ አንድ ካርቶን አመጣችላቸው። ከግራጫው ሁለት መቶ ግራም መዝነው አፍንጫዋ ጫፍ ውስጥ ጠቀጠቁ። የተረፈው ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ።

ቀኑ ደረሰ። ክበቡ ሜዳው የተፈቀደለት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው፤ ተመዝግባ ያልበረረች ሮኬት ደግሞ እንደ ወደቀች ትቆጠራለች። የአጎቴ ተራ ሲደርስ የቀረው አርባ ደቂቃ ነበር። ዳኛዋ በሙያዋ የጥርስ ሐኪም ናት። ሮኬቷን ሚዛን ላይ አስቀመጠቻት።

«ወረቀትዎ ሦስት ኪሎ ይላል። ሚዛኑ ሦስት ኪሎ ከሰባት መቶ ይላል። ይህ ሞተር ደግሞ ከሦስት ኪሎ ተኩል በላይ አያነሣም።»

«ሚዛኑ ተበላሽቶ ነው፣ ዶክተር። እኔ እያንዳንዱን ዕቃ መዝኜ ደምሬዋለሁ።»

ዳኛዋ የአንድ ኪሎ ድንጋይ ሚዛኑ ላይ አኖረች። ልክ አንድ ኪሎ። አጎቴ «ቀላል…» ብለው ጀመሩና ድንጋዩን አንሥተው በእጃቸው መዘኑት።

አፍንጫዋ ተነቀለ። ዳኛዋ በባትሪ ወደ ውስጥ አየች፤ ቦርሳዋን ከፈተችና ከምትሠራባቸው ቀጫጭን ብረቶች አንዱን አወጣች። መቼም ልማድ ነው፣ «አይዞሽ» አለቻት ሮኬቷን። መጀመሪያ ቢጫ ጭቃ ወጣ። ቀጥሎ አረንጓዴ። ቀጥሎ ቀይ። ከሁሉም ሥር የአጎቴ ግራጫ።

«ስንት ዘመን ጥርስ ሞልቻለሁ» አለች ዳኛዋ፣ «በአራት ቀለም የተሞላ ግን ዛሬ ነው ያየሁት። አረንጓዴው የማነው?»

የአጎቴ ሚስት ጉሮሮዋን ጠረገች። «የኔ ነው። ሁለት መቶ ስልሳ ግራም።»

«አንቺ?» አሉ አጎቴ። «ኮሪደሬን ልቀቅ ያልሽው አንቺ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ደግመህ ስትተክላት ቆሜ ልይ?»

«ቀዩ የኔ ነው» አለች እናቴ፣ መሬት መሬት እያየች። «አልመዘንኩትም። ትንሽ ናት ብዬ ነው።» ዳኛዋ መዘነችው፤ ሁለት መቶ አርባ።

ቢጫው ቀረ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። «አንቺም?» አሉ አጎቴ።

«አረንጓዴው ያንተ መስሎኝ…» አልኩ። ቢጫው የኔ ነበር፣ ሁለት መቶ ግራም ሙሉ።

አጎቴ ዕቃ ባመጡበት ሣጥን ላይ ተቀመጡ። እኛን ሦስታችንን በተራ አዩን፣ ጭቃውን አዩ፣ ደግሞ እኛን። ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቷል።

«በሉ ይወስኑ» አለች ዳኛዋ። «ሁለት መቶ ግራም መውጣት አለበት። የማንን ላውጣ?»

«የኔን» አሉ። «የእነሱን ይመልሱልኝ።»

ከዚህ በኋላ አንቱታውን ትቼዋለሁ። እንዲህ የሚል ሰው አንቱ ሲባል ይርቃል።

ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ቢጫውን መልሰን ጠቀጠቅን። ልክ ሦስት ኪሎ ተኩል። «ከእንግዲህ ማንም እጁን አያስገባባት» አለች ዳኛዋ፣ በተለይ እናቴን እያየች። ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሮኬቷ ቆመች፣ እኛም ወደ ኋላ ራቅን። ከአሥር ጀምሮ ወደ ታች ተቆጠረ። አጎቴ ቁልፉን ተጫነ።

ትልቅ ሸራ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነበር። ስታልፍ አየኋት ማለት አልችልም፤ ቀና ስል ቀጥ ያለ ነጭ ጭስ ብቻ ነበር፣ ጫፉ ላይ ነጥብ። አልዞረችም። አልሳተችም። ወጣች፣ ወጣች፣ ደከማት፣ ቆመች።

አጎቴን ዞሬ አየሁት። ጀርባውን ለጭሱ ሰጥቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ቆሟል። አሳንሰር ውስጥ የቀረውን ሕዝብ ሁሉ ሲያጽናና የኖረ ሰው ቀና ብሎ ማየት አልደፈረም።

«ተከፈተ?» አለኝ።

ገና ነበር። ነጥቧ ወደ ታች መውረድ ጀምራለች።

«ተናገሪ እንጂ! ተከፈተ ወይ?»

ከዚያ ነጥቧ ላይ አንድ ብርቱካናማ ነገር ብቅ አለ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ሞላ። የአጎቴ ሚስት «ልቤን!» ብላ ጫማዋን አውልቃ በሜዳው ሮጠች። ዳኛዋ «እኔ ሳላይ እንዳትነኪያት!» እያለች ተከተለቻት። ሮኬቷ ሙሉ መሆኗን አይታ የፈረመችው ሩብ ሰዓት ቆይታ ነው።

እኔ ግን ከአጎቴ ጎን አልተነቃነቅኩም። «ተከፈተ!» ብዬ ስጮህ የራሴን ድምፅ አላወቅኩትም።

«ምን ይመስላል?» አለ፣ ዐይኑን ሳይገልጥ።

አራት ዓመት ግጥም ተምሬያለሁ። የሚሆን አንድ ስንኝ አጣሁ።

«ክብ ነው» አልኩት። «ክብ ነው፤ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው።»

«እስቲ ድገሚልኝ» አለ።

ደገምኩለት።