ለአልማዝ የተተከለው ድንኳን

ልብወለድ ጽፎ መኖር የሚፈልግ ወጣት ቤቴ ሲመጣ፣ ምን እንድለው እንደሚጠብቅ ገና ከበር ሲገባ አውቀዋለሁ። በማለዳ ተነሳ፣ ብዙ አንብብ፣ ጻፍ፣ ቅደድ፣ እንደገና ጻፍ። ይህንንማ ማንም ይነግረዋል። እኔ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ዕድር ግባ። ልጁ ጃጅቼ የምቀባጥር መስሎት ያዝንልኛል። እናንተ ግን ለማዘን አትቸኩሉ፤ አስረዳለሁ።

በደርግ ጊዜ፣ ቦሌ ሚካኤል፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ በተከራየኋት ክፍል የመጀመሪያ ልብወለዴን ጻፍኩ። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ ረጅም ዓረፍተ ነገር ስጽፍ በሩን መክፈት ነበረብኝ። አውሮፕላን ሲነሳ ደግሞ ጣሪያው እየተንቀጠቀጠ ነጠላ ሰረዞቼን ያራግፍብኛል። ቢሆንም ጨረስኩ። በታይፕ አስመትቼ ለሳንሱር አስገባሁ። ያን ጊዜ የሳንሱር ማኅተም ያላረፈበት ጽሑፍ ለበርበሬ መጠቅለያ ካልሆነ ለምንም አይሆንም።

ክረምቱ አለፈ፣ በጋው አለፈ፣ መልስ የለም። ቢሮ ስሄድ “ጓድ ይርጋ ዘንድ ነው” ይሉኛል። ጓድ ይርጋ ዘንድ ስገባ “እየታየ ነው” ይለኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ፣ መጽሐፉ ውስጥ የታረደው ቀይ ዶሮ ገብስማ እንዲሆን አዘዘኝ። በዚያ ዘመን ቀይ ነገር አይታረድም። ገብስማ አደረግኩት። ለዶሮ ብዬ አልሟገትም። መጽሐፌን ሳላሳትም ግን ከዚያች ክፍል እንደማልወጣ ለራሴ ምዬ ነበር።

አንድ ቀን የጋራዡ ባለቤት እናት አረፉ። ድንኳኑ የተተከለው ደጃፌ ላይ ነው። ለቅሶ ላይ ተቀምጦ መዋል የሰው ዕድሜ ማባከን ይመስለኝ ስለነበር ሁልጊዜ እሸሽ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን መሸሻም አልነበረኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ጋቢ ደርቦ ካርታ የሚጫወተው ሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጓድ ይርጋ። ለካ የሰፈራችን ሰው ኖሯል፤ እዚያ ሲሆን ደግሞ “ጋሼ ይርጋ” ነው።

“ጋሼ ይርጋ፣ ያ መጽሐፍ…”

“ዝም ብለህ ተጫወት” አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እኔ ከጨረስኩት ቆየሁ። እቤት ነው ያለው። በላይነሽ ይዛዋለች።”

“ባለቤትዎ?”

“የአልማዝን ነገር ካላስተካከለ አይወጣም ብላለች።”

“የመንግሥት ሥራ አይደለም እንዴ?”

“የመንግሥቱ ቢሮ ሥራ አልቋል። የቀረው የቤት ነው።”

አልማዝ የመጽሐፌ ባለታሪክ ናት፤ መጨረሻው ላይ ትሞታለች። ዶሮውን ሰጥቻለሁ፤ አልማዝን ግን አላስነሳም። ከድንኳኑ ጀርባ እትዬ በላይነሽ ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ትከትፋለች። ሄጄ ፊቷ ቆምኩ።

“እትዬ በላይነሽ፣ አልማዝ አትድንም። መጽሐፉ ሳይታተም ይቅር።”

“ማን አድናት አለህ?” አለች ቢላዋዋን ሳታሳርፍ። “ሰው ይሞታል። እንዲህ ግን አይቀበርም። ሁለት መስመር! ድንኳን የለ፣ ጡሩንባ የለ፣ አንድ ሰው እንኳ እዬዬ አላለላትም። እናቷ በማግስቱ ልብስ ታጥባለች።”

“ኀዘኗን በውስጧ ይዛ እኮ ነው። የዘመኑ አጻጻፍ…”

“ዕድር የላትም እንዴ?”

ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች ሁሉ ቀና አሉ። “ውይ፣ ዕድር የላትም?” አለች አንዷ። “ታዲያ ለቀስተኛው ምን በላ?” አለች ሌላዋ። ሙሉ ልብወለድ የጻፍኩ ሰው ለቀስተኛ ማብላት ረስቻለሁ።

“አንተ ለመሆኑ ለቅሶ ደርሰህ ታውቃለህ?” አለችኝ እትዬ በላይነሽ።

“ይኸው ዛሬ።”

“እሱም በርህ ቢዘጋብህ ነው።”

በሳምንቱ ዕድር ገባሁ። አግዳሚ ወንበር ተሸከምኩ፣ ድስት አጠብኩ፣ ካስማ መታሁ። ማን ከልቡ እንደሚያለቅስ፣ ማን ነጠላውን ዓይኑ ላይ ይዞ ወጡ መድረሱን እንደሚሰልል ለየሁ። ከዚያ አልማዝን እንደገና ገደልኳት፤ ቀብሯን ግን ቀብር አደረግኩት። አንድ ጫፉ ቦሌ ሚካኤል፣ ሌላው ጫፉ ጎሮ የሚደርስ ድንኳን ተከልኩላት። እትዬ በላይነሽ አነበበችው። ጋሼ ይርጋ እንደነገረኝ፣ ያን ሳምንት ምሳውን ራሱ እየሠራ በላ። ከዚያ ማኅተሙ ተመታ።

መጽሐፉ ወጣ። እንቅልፍ አጥቼ ያሰብኳቸውን ፍልስፍናዎች አንድም አንባቢ አላነሳልኝም፤ ዶሮውንም ያስታወሰው የለም። ሁሉም የሚያወራው ስለ አልማዝ ቀብር ነው። ከዚያ ወዲህ የጻፍኳቸውም የተነበቡልኝ ድንኳን ውስጥ በሰማሁት ነው። ስለዚህ እላለሁ፦ ዕድር ግባ፣ ወንበር ተሸከም፣ ጆሮህን ክፈት።

አንድ ችግር ብቻ አለው። ዛሬ ሰፈራችን ውስጥ ለቅሶ ስደርስና ጥግ ይዤ ስቀመጥ፣ ዘመድ ከዘመድ ሲጎሻሸም አያለሁ። “ደህና አድርገሽ አልቅሺ” ይባባላሉ፣ “ሰውየው መጥቷል።”