በካርቶን ስንት ጠርሙስ?

ምክንያት የሌለው ቁጥር የማይዋጥለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን የገጠመኝ ጎረቤቴ ጌታነህ ነው። ይህ የቀየት ሰው የገብስ አረቄውን በጠርሙስ አሽጎ ዓለም ከተማ ላለ አንድ ባለሱቅ ሊልክ ሲሰናዳ፣ በካርቶን ስንት ይግባ በሚል ጭንቀት ሱባኤ የገባ መሰለ።

"ስድስት አድርገው፤ ለሸክም ይቀላል" አልኩት።

"ይኼ ምክንያት ነው?" አለኝ።

በመጨረሻ በሐዋርያት ቁጥር አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ካርቶን አሠራ። ከዚያ ለየኔታ አንድ መለኪያ አቀመሰና አማከራቸው።

"ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ይሁዳ አይደለም እንዴ?" አሉት።

ጌታነህ ደነገጠ። የይሁዳን ጠርሙስ ማን ክርስቲያን ይጠጣል? በሃያውም ካርቶን አንዳንድ ክፍል ባዶ ትቶ፣ አሥራ አንድ አሥራ አንድ አድርጎ በመኪና ላከ።

ባለሱቁ ካርቶኖቹን ሲከፍት ከእያንዳንዱ አንድ ጠርሙስ ጎደለ። ሾፌሩን ቀና ብሎ አየው። አቧራ ያቀላው የሾፌሩ ዐይን ደግሞ መሰከረበት።

"ሃያ ጠርሙስ ጠጥቼ ያን ቁልቁለት ወርጄ ቢሆን፣ ይኼኔ ለቅሶዬ ላይ ነበርክ" ቢል ማን ይስማው? ተመልሶ መጣና ጌታነህን፣ "ከእንግዲህ በአህያ ጫን" አለው። ባለሱቁም ሌላ አረቄ አውጪ መፈለግ ጀመረ።

ጌታነህ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ይዞ የኔታ ዘንድ ሮጠ። የኔታ ጠርሙሱን ካጋመሱ በኋላ፣ "በይሁዳ ቦታ ማትያስ ተተክቶ የለም እንዴ? አሥራ ሁለት አድርገህ ላክ" አሉት።

"ያኔ ለምን አልነገሩኝም፣ የኔታ?"

"ያኔ የሰጠኸኝ አንድ መለኪያ ነው፤ ማትያስ ድረስ አላደረሰኝም።"