የአባባ ራዶይኮ ሦስት ጠብታ

በሞራቫ ወንዝ ዳር ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ታላቅ ቤት ነው። ታላቅነቱ በሕንፃው አይደለም፤ ጣሪያው ያፈስሳል። ታላቅነቱ በእሴቶቹ ነው። የጠባይ ሳይንስ አዋቂው ዶክተር ቩካሺን ከመጡ ወዲህ ቤቱ አምስት እሴቶች አሉት፤ ክብር፣ ርኅራኄ፣ ሐቀኝነት፣ ፍትሕና ትብብር። እነዚህን ለመምረጥ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ሰባት ሳምንት ተቀምጧል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ከተባለ፣ ሰባቱማ ፈውስ ናቸው። አርባዎቹ ተጧሪዎች እንዳይደክሙ ታስቦ አልተጠየቁም።

እሴቶቹ መጀመሪያ የደረሱት ለአባባ ራዶይኮ ነው። ግንበኛ የነበሩት እኚህ የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ፣ አረቄም ሆነ ቡና፣ ውሃም ቢሆን፣ ከመቅመሳቸው በፊት ሦስት ጠብታ መሬት ላይ ያፈስሳሉ። አንዱ ለሟች ሚስታቸው፣ ሁለቱ ለሞቱት ወንድሞቻቸው። የሙታን ድርሻ ነው፤ የዶክተሩ አባትም ያደርጉት ነበር። ዶክተሩ ግን ተምረዋልና “ፈሳሽ የመድፋት ጠባይ” ብለው መዘገቡት። ከዚያም አስታማሚዋን ሚሉንካን ጠሩ።

“ከደፉ ብርጭቆውን ቀሚያቸው። ካልደፉ ስጫቸው። በቃ።”

“ሐምሌ እኮ ነው ዶክተር፣ የሐሩሩ ወር። ሙቀቱን አያዩትም?”

“ለክብራቸው ነው የምንለፋው፣ ሚሉንካ።”

ሚሉንካ ውሃ ይዛ ገባች። ሽማግሌው ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አደረጉ። ብርጭቆውን ወሰደችባቸው።

“ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?”

“አያፍስሱ ተብሏል፣ አባባ።”

“እነሱ ሳይቀምሱ እኔ ልጠጣ? ምን ይሉኛል?”

“ማን ያይዎታል?”

“እነሱ ናቸዋ!”

ከዚያ ወዲያ ብርጭቆ አልነኩም። በማግስቱ ሚሉንካ ጠብታ በሚቆጠርበት ቅጽ ላይ ዜሮ ጻፈች። ዶክተሩ ዜሮዋን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

“በአንድ ቀን! አየሽ ሳይንስን?”

“ምንም አልጠጡም እኮ።”

“አለመጠጣት ሌላ ጠባይ ነው። የራሱ ቅጽ አለው።”

በሦስተኛው ቀን የሽማግሌው ከንፈር ተሰነጠቀ። ሚሉንካን በሟች ሚስታቸው ስም ጠሯት። እሷም ኮሚቴ ሳትሰበስብ እንስራ የምታህል ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። አፈሰሱ፣ ጠጡ፤ አፈሰሱ፣ ጠጡ። አራት ብርጭቆ። ወለሉን ወለወለችና፣ ሐቀኝነት እሴት ነውና፣ ቅጹ ላይ “አሥራ ሁለት ጠብታ” ብላ ፈረመች።

ወዲያው ኮሚቴው ፊት ቀረበች።

“በየትኛው እሴት ተመርተው ነው?” አሉ ዶክተሩ። ሲቆጡ አንቱ ይላሉ።

“ጠምቷቸው ነበር።”

“እሱን አልጠየቅንም። በየትኛው እሴት?”

“እንጃ። ጠምቷቸው ነበር።”

ኮሚቴው ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አየ። ጥማት የለም። አንድ አባል “ስድስተኛ ብናደርገውስ?” ቢል፣ የሰባት ሳምንት ልፋት ሊያፈርስ ነው ተብሎ ተገሠጸ። በርኅራኄ መሠረት ከሥራ አልተባረረችም፤ የሦስት ቀን የእሴት ሥልጠና ተፈረደባት።

ሥልጠናው ሰኞ ተከፈተ። ዶክተሩ ስለ ርኅራኄ ሁለት ሰዓት ተናገሩ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ሚሉንካ አልመጣችም። በአንድ እጇ ውሃ፣ በሌላው መወልወያ ይዛ አባባ ራዶይኮ ክፍል ነበረች። በስም መቆጣጠሪያው ላይ፣ ከስሟ ትይዩ፣ ዶክተሩ በቀይ እንዲህ ጻፉ፦ “እሴት የላትም።”