ኦቦ ፈዬራ እና ገጽ አርባ ሦስት

ኦቦ ፈዬራ ጂራ በየማለዳው የትምህርት ቤታችንን ሪከርድ ክፍል በር ይከፍቱና ከመቀመጣቸው በፊት መነጽራቸውን ያወልቃሉ። በክራቫታቸው ጫፍ ይወለውሉታል፤ ወደ መስኮቱ አንሥተው ይመረምሩታል፤ ከዚያ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይከቱታል። መነጽሩ ለንባብ ነው። ያለ እሱ የገዛ ፊርማቸውን እንኳ አያነቡም። ሰውን ለማየት ግን ማውለቅ አለባቸው። እኔን አይተው ለመጨረስ ሦስት ሰከንድ በቅቷቸዋል።

«ዓይን አፋርነት ነው» አሉ በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ፣ የቅጥር ደብዳቤዬን ከእጄ ሳይቀበሉ። «አብሮሽ አልተወለደም፤ የተማርሽው ነው። የተማሩት ነገር ደግሞ ይለቃል። እኔ አይደለሁም የምለው፣ መጽሐፉ ነው።»

አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ግጥም ሳነብ ከርሜ ነው የመጣሁት። እንደዚህ በአንድ እስትንፋስ ያነበበኝ ሰው ግን አልነበረም።

ብዙ መጻሕፍት ያነበበ ሰው ጎረቤቱን አያስቸግርም፤ ይጠራጠራል፣ ዝም ይላል። የሚያስቸግረው አንድ ብቻ ያነበበው ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም፤ እንጭኒም አለ፣ ሸነንም አለ። አንዱ ስለ ሕግ ያነበበ ነው፣ ሌላው ስለ ኩላሊት። የእኛ የአምቦው ሊቀ ሊቃውንት ያነበቡት ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ በስቴንስል የተባዛ የሥነ ልቦና መግቢያ ጥራዝ ነው። በ1971 ክረምት አዲስ አበባ ለስድስት ሳምንት ኮርስ ተልከው ይዘውት መጡ። ከዚያ ወዲህ አምቦ ውስጥ ዝም ብሎ መናደድ ቀረ። ዝም ብሎ መርሳትም ቀረ። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ጓድ ይገዙ አንድ ቀን በመምህራን ላይ ሲጮሁ፣ ኦቦ ፈዬራ ከጥግ ሆነው «ማዛወር ይባላል» አሉ። «ወረዳ ላይ ተቆጥተዋቸዋል፤ ያንን ይዘው መጥተው እኛ ላይ ነው ያራገፉት።» እውነት ነበር። እውነት በመሆኑም ጓድ ይገዙ አንድ ወር አኮረፏቸው።

የቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ላይ እንኳ ያስተምራሉ።

«ስኳሩ ሰኞ ሰኞ ቢመጣ ኖሮ ሰኞ ብቻ ትሰለፉ ነበር። መቼ እንደሚመጣ ስለማታውቁ በየቀኑ ትመጣላችሁ። አልፎ አልፎ የሚሰጥ ማጠናከሪያ ይሉታል፤ በርግብ ላይ ተሞክሯል።»

«ታዲያ ርግቧ ስኳሩን አገኘች?» አለቻቸው ከፊታቸው የተሰለፈችው ዘነበወርቅ፣ ባዶ ፌስታሏን እያጣጠፈች።

«አልፎ አልፎ።»

ከዚያ የውሻው ነገር መጣ። አንድ የሩሲያ ሊቅ ደወል እየደወለ ውሻ ሲመግብ፣ ውሻው በኋላ ደወሉን ብቻ ሰምቶ ምራቁ ይወርድ ነበር አሉ። የእኛ ደወል ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ የእኛ ውሻ የዘበኛው ቡቺ ነው። ኦቦ ፈዬራ ሠላሳ ቀን ሙሉ የምሳ ደወል በተደወለ ቁጥር የራሳቸውን ዳቦ ለቡቺ ሰጡ። በሠላሳ አንደኛው ቀን ዳቦው ቀረ፤ ደወሉ ብቻ ተደወለ። መምህራኑ ሁሉ ተሰብስበን ውሻውን አየን። ቡቺ ጎኑን ቀይሮ እንቅልፉን ቀጠለ። ምራቃቸውን የዋጡት ኦቦ ፈዬራ ናቸው።

«ሠላሳ ቀን ጾሙን ደወል የሰማው ማን ሆነና!» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ቦጋለች። «እኔ ደግሞ ምሳ የቋጠርኩት ለባሌ መስሎኝ!»

«ሙከራው ሠርቷል» አሉ ኦቦ ፈዬራ፣ ፈጽሞ ሳይሸማቀቁ። «የተሳሳተው ተሞካሪው ነው።»

በ1974 ሰኔ ላይ ግን የማያስቅ ነገር ገጠመን። ወርቅቱ የምትባል ልጅ አንደኛ ክፍል ለሁለተኛ ጊዜ ወደቀች። በደንቡ መሠረት ሁለት ጊዜ የወደቀ ከመዝገብ ይሰረዛል። መምህሩ ከስሟ ጎን «አእምሮዋ አይቀበልም» ብሎ ጽፎባታል። አባቷ ኦቦ ኤጄታ ከገጠር በእግራቸው መጥተው ሪከርድ ክፍሉ በር ላይ ቆሙ፤ እኔ ውስጥ ሆኜ ውጤት እገለብጥ ነበር።

«ከተሰረዘች እጃጂ ከተማ አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች» አሉ። «ልጅ ታዝላለች። ሌላ ምን አደርጋታለሁ?»

ወርቅቱ ከጀርባቸው ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ኦቦ ፈዬራ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ወለወሉ፤ ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ በኦሮምኛ «መቃን ኬ ኤኙ?» ብለው ስሟን ጠየቋት። ቀና አለች። መነጽራቸውን መልሰው አድርገው የሒሳብ ፈተናውን አነሡና ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ በኦሮምኛ አነበቡላት። ዘጠኙን መለሰች። አሥረኛው ላይ «ሰውዬው ምን ሆኖ ነው አሥራ ሁለት እንቁላል ለጎረቤቱ የሚሰጠው?» ብላ መልሳ ጠየቀቻቸው።

በማግስቱ ስብሰባ ሆነ። ከሁሉ ዝምተኛ ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ጓድ ይገዙ «ደንብ ደንብ ነው» አሉ። «ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው።»

ኦቦ ፈዬራ ተነሡ፤ ሰማያዊውን ጥራዝ ገለጡ። «መጽሐፉ ገጽ አርባ ሦስት ላይ እንዲህ ይላል፦ በማያውቀው ቋንቋ የተጠየቀ ልጅ ዝም ቢል፣ የተለካው ጠያቂው ነው እንጂ ልጁ አይደለም።»

ጓድ ይገዙ አገጫቸውን አሻሹ። መጽሐፍ ላይ ካለ ጥፋቱ በእሳቸው አይመጣም፤ ከሌለ ግን ይመጣል።

«ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ጥራዙን ተቀበዪና አረጋግጪ። ይላል?»

ጥራዙን ተቀበልኩ። ገጽ አርባ ሦስትን አየሁ። ቀና ስል ኦቦ ፈዬራ እያዩኝ ነው፤ መነጽራቸው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው። ያን ሁሉ ሲያነቡም እዚያው ነበር።

ስብሰባ ላይ አንድ ቀን ተናግሬ አላውቅም።

«ይላል» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። «ቃል በቃል ይላል።»

ወርቅቱ በቃል እንደገና ተፈተነች፤ አስተርጓሚው ኦቦ ፈዬራ ነበሩ። አለፈች። ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ናት፤ በሁለት ቋንቋ አስቸጋሪ ሆናለች።

እሳቸውም አልተለወጡም። በዚያው ሳምንት መተላለፊያው ላይ አስቁመውኝ «ዓይን አፋርነቱ ለቀቀሽ፤ መጽሐፉ ይለቃል ብሎ አልነበር?» አሉኝ። ስለ እሳቸው ልጽፍ መሆኑን በቅርቡ ስነግራቸው ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

«የውሻውን ጻፊ፤ ሳይንስ ሽንፈቱን አይደብቅም። ቦጋለች ያለችውንም ጻፊ፤ ካልተጻፈ ታኮርፋለች።» ቀጥለው መነጽራቸውን አወለቁ፤ በክራቫታቸው ጫፍ ወለወሉ። «ገጽ አርባ ሦስትን ግን ተዪው፣ የኔ ልጅ።»

«ታዲያ ቃሉን ከየት አመጡት?»

«አንደኛ ክፍል ሦስት ዓመት ተቀምጫለሁ» አሉ። «ያኔ አይሰርዙም፤ ደደብ ይሉኝ ነበር። አማርኛው ሲገባኝ ወጣሁ።»

እሺ አልኳቸው። ግን እኚህ ሰው በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ የራሳቸውን ሐሳብ ተናግረው፣ እሱንም ለመጽሐፉ ሰጥተው ሲቀሩ ዝም ማለት አልቻልኩም። ገጽ አርባ ሦስት ላይ ያለው ለሁለት የተከፈለ የዓይን ሥዕል ብቻ ነው።