ስለ ሷሊሕ ግራ እግር የተሰጠ የሦስት ዓመት ምርጫ

ጣልያን አገሩን ያዝሁ እያለ መንገዱን ብቻ በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በወርኃ ጥር፣ ማሽላው ተወቅቶ አውድማው ባዶ በቀረ ጊዜ፣ ጫማ የማያውቁት፣ እሾህ የማይመልሳቸው፣ አሥራ አንድ ጊዜ ተሸንፈው አንድ ቀን ብቻ ያለቀሱት የወዲህ ማዶ ኳስ አለቃ አብዱረሂም በነገሡ በሁለተኛው ዓመት የሆነው ይህ ነው።

በሮቢ ወንዝ ግራና ቀኝ የጨርቅ ኳስ ሥርዓት እንዲህ ነበረ። በየዓመቱ ጥር ላይ ለጨዋታ የደረሱት ልጆች ይሰለፋሉ፤ ሁለቱ አለቆች በየተራ ይመርጣሉ፤ አውድማው የወዲህ ማዶ ነውና ቀዳሚው ምርጫ የእነርሱ ነው፤ የተመረጠም አለቃው ካልለወጠው በቀር እስኪያገባ ድረስ ከመረጠው ወገን አይወጣም።

በዚያ ወራት የወዲያ ማዶ አለቃ ተክሌ የቤንዚን ቆርቆሮ እያስመቱ አዋጅ አስነገሩ፦ «ግራ እግሩ ካብ የሚያፈርሰው ግመል ነጂው ሷሊሕ የእኔ ነው! የመጪውን ሦስት ዓመት ቀዳሚ ምርጫ ለሰጠኝ እሰጠዋለሁ። የማይፈልግ እንደ ለመደው ይሸነፍ!»

አብዱረሂምም ሠራዊታቸውን ከሮቃው ዛፍ ሥር ሰበሰቡ፦ ኳስ ሲመጣ ዓይኑን የሚጨፍነውን በረኛ ታደሰን፣ ከኳሱ ይልቅ ሰው የሚመቱትን ሁለቱን መንትዮች፣ ከእነርሱም በኋላ ምክር እንጂ ጉልበት የሌላቸውን ሽማግሎች። ሦስት ቀንም ተሟገቱ። እኩሌቶቹ «በአንበጣና በጣልያን መካከል ከርሞ የሚባል ነገር አለ ወይ? ዛሬ እናሸንፍ!» ብለው አወጁ። እኩሌቶቹም «ዘሩን በልቶ ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ የት ታየ!» ብለው መለሱ።

በሦስተኛው ቀን የአብዱረሂም እናት፣ የቅልጥም ሁሉ ጠባቂ፣ እትዬ ሙሚና ከደጃፋቸው ቆመው አወጁ፦ «የወዲህ ማዶ ሰው ስማ! ከርሞ የሚደርሰው ታናሹ ልጄ አሊዪ ነው። ተክሌ ቢወስደውና ልጁ የወንድሙን ቅልጥም ቢሰብር፣ ወላሂ፣ የማሸው እኔ ነኝ! ደግሞ ያ ሷሊሕ ሁለት ወር ሳይሞላ ሊያገባ አይደል? ሦስት ዓመት ሰጥቶ ሁለት ወር የሚቀበል ምን ዓይነት ነጋዴ ነው? ፀሐዩም አናት ይመታል፤ ሻሽ ሳታስሩ እንዳትወጡ!»

አብዱረሂም ወንድማቸውን አዩ፤ አሊዪ ከታላቁ ጎን ለመሰለፍ ሦስት ዓመት የጠበቀ ነበር። አሥራ አንዱንም ሽንፈት አሰቡ። ሽንፈቱ ከበደ። ዓይናቸውንም ወደ መሬት አድርገው «ሰጥተናል!» ብለው አወጁ።

ነገር ግን በዚያ ሁሉ ሙግት ሷሊሕ የማንን ልጅ እንዳጨ የጠየቀ አልተገኘም። ያጨው የእትዬ ከዲጃን ልጅ ነበር፤ የከዲጃም ቤት ከወዲህ ማዶ ጎል ጀርባ ነበር። በአገሩም ደንብ ያጨ ሰው የአማቱን ፊት አያይም፤ ብቅ ሲሉ ፊቱን ሸፍኖ ይሸሻል። ተክሌ ይህን ያውቁ ነበርና ለጋስ ሆኑ።

በጨዋታውም ቀን የከዲጃ በር ሲጢጥ ባለ ቁጥር ሷሊሕ ሽርጡን ተከናንቦ ከአገዳው ክምር ውስጥ ይገባ ነበር፤ ሦስት ጊዜም በእግሩ ተጎትቶ ወጣ። የወዲያ ማዶ ሰው በሣቅ ተንከባለለ። ሁለቱም ወገን ጎል ሳያገባ ፀሐይ ባዘቀዘቀች ጊዜ፣ አብዱረሂም የወንድማቸውን ዋጋ አስበው ወደ ከዲጃ ደጅ ገሥግሠው በበሩ ቀዳዳ አወጁ፦ «እትዬ ከዲጃ፣ እስኪጠሩ አይውጡ! ኳሱ ከሷሊሕ እግር ሲገባ ግን እንደ መብረቅ ይውጡ!»

ኳሱም ከሷሊሕ እግር ገባ፤ ከዲጃም «ልጄን፣ ቁርጭምጭሚቱን!» እያሉ ወጡ። ያን ጊዜ ሷሊሕ ፊቱን ሸፍኖ፣ ኳሱን እየገፋ፣ ሰባት ሰው ጥሶ፣ በረኛውን ገልብጦ፣ በሁለቱ የጎል ድንጋዮች መካከል አልፎ ሮቢ ወንዝ ገባ። ጎሉም ተቆጠረ።

በዓመቱ ጥር ሲመጣ፣ አሊዪ ከሰልፉ ቆመ፤ ሙሚና አናታቸውን ያዙ፤ አብዱረሂም ፊታቸውን አዞሩ። ተክሌም ሰልፉን ሁለት ጊዜ ዞረው ቆርቆሮውን አስመቱ፦ «ቀዳሚው ምርጫችን እትዬ ከዲጃ ናቸው! ገና ሁለት ያልታጩ ሴት ልጆች አሏቸው!»

ስለዚህም ሁለተኛው ምርጫ ለአብዱረሂም ደረሰ፤ እርሳቸውም «አሊዪ!» ብለው አወጁ። የአሥራ አንድ ሽንፈት ጌታ፣ የአንድ ድል ባለቤት፣ ወንድሙን ሸጦ በአማት ያተረፈ አብዱረሂም ስሙ ከሮቃው በላይ ይርዘም፤ ቅልጥሙንም ፈጣሪ ይጠብቅለት፤ እርሱም ሻሹን ይሰር።