ምስል ተዳፋት ይወዳል

ለቤተሰባቸው ቤት የሠሩ አባወራዎች ብዙ ናቸው፤ ልጅ ያስተማሩም፣ የዳሩም ሞልተዋል። ለቤተሰቡ ምስል ከከፍታ ወደ ዝቅታ እንዲወርድለት ተዳፋት የዘረጋ አባወራ ግን እስከ ዛሬ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእህቴ ባል ነው። ይህን ታላቅ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዓይኔ አይቼ ዝም ብል ታሪክ ይታዘበኛል።

የእህቴ ባል ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በውሃ መሥሪያ ቤት የቧንቧ ዝርጋታ ኃላፊ ነበር። ወንበሩን ለተተኪው አስረክቦ ኃላፊነቱን ግን ይዞት ወደ ቤት ስለመጣ፣ ከሚስቱ ጀምሮ ሁላችንም «ኃላፊው» እንለዋለን። በእሱ ዘመን ሰዉ ውሃ አገኘ ወይስ አላገኘም የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። ቧንቧው በሚገባ ተዘርግቶ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በእናቴ ዓይን ነው። እናቴ የምትኖረው ከእህቴ ጋር ነው። ሐኪሙ ዓይኗ እየደከመ እንደሚሄድና ተመልሶ እንደማይበራ ሳይሸሽግ ነገረን። እሷ አላለቀሰችም፤ አንድ ነገር ብቻ ለመነች። የእህቴ ልጅ ርቃ በምትኖርበት ከተማ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበርና፣ የዚያን ሕፃን ፊት ሳታይ መጨለሙን አልፈለገችም። ሕፃኑ ገና የጥቂት ወራት ልጅ፣ መንገዱም አድካሚ ስለሆነ እናቱ ቪዲዮ ቀርጻ በዲስክ ላከችልን። በስልክ እንዳታይ የስልክ መስኮት ለእናቴ ዓይን አይበቃም። ስለዚህ እህቴ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥንና አንድ ዲስክ ማጫወቻ ገዛች። እስከዚህ ድረስ ሥራው በሴቶች እጅ ስለነበር ምንም እክል አልገጠመውም።

እክሉ የመጣው ሁለቱን ዕቃዎች የሚያገናኘው ገመድ ላይ ሲደረስ ነው። ኤችዲኤምአይ የሚሉት ገመድ ከማጫወቻው ጋር ካርቶን ውስጥ ነበር፤ አጭርና ቀጭን። ኃላፊው በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየውና ሳቀ።

«በዚህ የጫማ ማሰሪያ ነው ይህን የሚያክል ምስል የምታሳልፉት?»

«ይበቃል ብለው ነው እኮ አብረው ያስገቡት» አለች እህቴ።

«እነሱ መሸጥ እንጂ ግፊት ምን ያውቃሉ? ቧንቧው ሲጠብ ምስሉም ይጠባል። ለእማማ ዓይን ደግሞ ሰፊ ምስል ነው የሚያስፈልገው።»

ይህን ብሎ ገመዱን ከአቅሙ ጋር ወደሚመጣጠን የሥራ መደብ አዛወረው። ጫፎቹን በጉጠት ቆርጦ የአጥሩን በር አሰረበት።

ገመድ ልንገዛ አብሬው ሄድኩ። ሻጩ ሰው የሚያውቅ ሰው ነበር። ኃላፊው «ወፍራሙን» ሲል ወፍራሙን አወጣ፤ «ከዚህ የሚወፍር» ሲል ከዚያ የሚወፍረውን አወጣ።

«ርዝመቱስ፣ አባቴ?»

«ከመኝታ ቤቱ ቁም ሣጥን አናት እስከ ሳሎን።»

«ማጫወቻውን ቁም ሣጥን ላይ ሊሰቅሉት ነው?»

«ታዲያ! ምስሉ ከላይ ካልወረደ በምን ጉልበቱ ይሄዳል?»

ሻጩ አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። «እውነትዎን ነው» አለ ሻጩ በፍጹም ትሕትና፤ «ይሄኛው ደግሞ ጫፉ በወርቅ የተለበጠ ነው።»

«አይዝግም ማለት ነው» አለኝ ኃላፊው ክንዴን ይዞ። «አየህ? ሙያው የገባው ሰው እንዲህ ነው።»

መመለሻችን ላይ ከማጫወቻው ጋር የመጣውን መመሪያ ከኪሴ አውጥቼ፣ በልመናም በፍርሃትም ድምፅ ጥቂት አነበብኩለት።

«ጋሼ፣ ዲጂታል ማለት ቁጥር ነው ይላል። ቁጥሩ ወይ ይደርሳል፣ ወይ አይደርስም። በደህና ከደረሰ ገመዱ ወፈረም ቀጠነም ምስሉ ያው ነው። ይልቅ ጥራቱ ከፍ ያለ ምስል ሩቅ ሲላክ መንገድ ላይ ይደክማል፤ አጭሩን ምረጡ ነው የሚለው። ቁጥር እኮ እንደ ውሃ አይፈስም።»

ኃላፊው ቆመ። እንዲህ ዓይነት አላዋቂ ለጋብቻ ዘመድነት የሰጠውን ዕድሉን የሚያማርር ይመስል ነበር።

«ቁጥር አይፈስም? የውሃ ቆጣሪ ላይ የሚዞረው ታዲያ ምንድን ነው?»

መመሪያውን አጥፌ ወደ ኪሴ መለስኩት። እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

ግድግዳው ተበሳ። ማጫወቻው ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወጣ። ያ የክንድ ያህል ውፍረት ያለው ገመድ በኮሪደሩ ጣሪያ ሥር ዝቅ እያለ፣ በየመታጠፊያው በሚስማር እየታሰረ ሳሎን ገባ። የቀረውን ትርፍ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ጠመጠመው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚሉት አባቶች ይህን ጥምጥም ቢያዩ አፍረው ዝም ይሉ ነበር። በምረቃው ዕለት እናቴ ለዓይኗ እንዲቀርባት ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ እኔና እህቴ ከኋላዋ ሆንን። ኃላፊው ስለ መሠረተ ልማት፣ ስለ ትዕግሥትና ስለ ባለሙያ ክብር አጭር ንግግር አደረገ። ከዚያም ማጫወቻውን ከፈተ።

ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆነ። በመካከሉ «ምልክት የለም» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ።

«አየር ገብቶበታል» አለ ኃላፊው ሳይደናገጥ።

አየሩን ለማስወጣት ገመዱ ከሁለቱም ጫፍ ተነቅሎ አደረ። ጠዋት ሲሰካ ያው ጥቁር ነው። መታጠፊያ በዝቶበት ይሆናል ተባለና መታጠፊያዎቹ ተፈቱ። ያንጠባጥብ ይሆናል ተባለና ኃላፊው ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፉ ዳበሰው፤ ደረቅ መሆኑን አረጋግጦ ወረደ። ሥራው በመልካም ሁኔታ እየተካሄደ መሆኑን በየቀኑ ያበሥረን ነበር። ከምስሉ በስተቀር የጎደለ ነገር አልነበረም።

«ሌላ አጭር ገመድ ልግዛ?» አለች እህቴ።

«በኔ ቤት? ነገ ሲፈነዳ ማን ሊጠግነው ነው?»

እናቴ ግን በየቀኑ ነጠላዋን አስተካክላ ትመጣና ጥቁሩ ቴሌቪዥን ፊት ትቀመጣለች።

«መጣ?»

«ሊመጣ ነው እማማ፤ ግፊቱ እየተሰበሰበ ነው።»

አንድ ቀን ዞር ብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። «ልጄ፣ ይሄ ጥቁሩ የቴሌቪዥኑ ነው ወይስ የኔ ዓይን ነው?»

«የቴሌቪዥኑ ነው እማዬ።»

«እንዲያ ከሆነ ደህና» አለችና ፈገግ ብላ ወደ ጥቁሩ ተመለሰች። ያን ጊዜ መነሳትና ያን ገመድ ከነሚስማሩ መንቀል ነበረብኝ። አልተነሳሁም፤ ቤቱ የሰው ነው፣ ኃላፊውም ኃላፊ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ በልቤ ተረትኩና ሻዬን ጠጣሁ። ተረት ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ትልቅ እረፍት ነው።

እህቴ ግን ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ልጇ ጋ ደወለች። «የአያትሽ ዓይን አባትሽን አይጠብቅም» ስትል ሰማኋት።

በዚህ መሃል ኃላፊው ወደ ሻጩ ተመልሶ ችግሩን አስረዳ። ሻጩም ረጅም ገመድ መሃል ላይ ገብቶ፣ የደከመውን ምልክት አጠንክሮ የሚልክ አንዲት ትንሽ ሣጥን ሸጠለት። «ፓምፕ!» እያለ ነው ቤት የገባው። በማግስቱ ረጅሙን ገመድ አውርዶ፣ በቦታው ከሣጥኗ ጋር የገዛቸውን ሁለት አጠር ያሉ ገመዶች ዘርግቶ፣ ፓምፑን በመካከላቸው ለመትከል መሰላሉ ላይ ወጣ።

እሱ መሰላሉ ላይ እንዳለ በሩ ተንኳኳ። የእህቴ ልጅ ናት፤ ፊቷ በመንገድ ድካም ገርጥቷል፣ ሕፃኑን አቅፋለች። በቀጥታ ሄዳ እናቴ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«እማማ፣ ያውልሽ።»

እናቴ ሕፃኑን በብብቱ ይዛ አፍንጫቸው እስኪነካካ ድረስ አስጠጋችው። እንዲያ ስትቀርብ ይታያታል። በአውራ ጣቷ ቅንድቡን ዳበሰች። «ግንባሩ የአባትሽ ነው» አለች፤ «ያ ደረቅ ግንባር፣ ያውና።» ሳቀች፣ እንባዋም ወረደ። እህቴ አፏን በእጇ ያዘች። እኔም ዓይኔን ጠረግኩ፤ አልዋሽም።

«ልለቀው ነው!» የሚል ድምፅ ከኮሪደሩ መጣ።

ቴሌቪዥኑም ቦግ አለ። ምስል መጣ! ምን ዓይነት ምስል! ሕፃኑ ግድግዳውን ሞልቶ ይስቃል፤ የዓይኑ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ኃላፊው ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ ፒንሳውን እንደያዘ ሳሎን ገባ።

«አላልኳችሁም? አላልኳችሁም?»

እህቴ ዞራ አየች። ልጇ ዞራ አየች። እኔማ አጨበጨብኩ። ሕፃኑ በጭብጨባው ደስ ብሎት እናቴ ጭን ላይ በሁለት እግሩ ተንጠራርቶ ቆመ።

«እማማ» አለ ኃላፊው በአክብሮት፣ «እባክዎ ልጁን ትንሽ ዝቅ ያድርጉልን፤ ልጁን ጋረደብን።»

እናቴ አልሰማችውም። እኛ ግን አንገታችንን ወደ ጎን አዘንብለን፣ ከሕፃኑ ራስ አልፈን ቴሌቪዥኑን ማየታችንን ቀጠልን።