የሶፋዋ የኋላ ጎማ

ጎማ ክብ ነው። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። የኛ መሥሪያ ቤት ግን ሕፃን አይደለምና ዝም ብሎ አላመነም፤ ሦስት ስብሰባ ተቀምጦ፣ አንድ ጊዜ ለልምድ ልውውጥ ወጥቶ፣ በመጨረሻ «ክብ መሆኑ ታምኖበታል» ሲል ወስኗል። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ዳግማዊ ነኝ። የተመረጥኩት ጽሕፈቴ ስለሚያምር እንጂ ስለ ጎማ የማውቀው ኖሮ አይደለም። ከኮሚቴው አባላትም በዚህ የሚበልጠኝ አልነበረም።

ጭሮ ከተማ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ያለው መሥሪያ ቤታችን የከብትና የፍየል ጤና ይጠብቃል። ለዚህ ሥራ አንዲት ሞተር ሳይክል አለችን። አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ትቷት የሄደ፣ ክሩዘር የሚሏት ዓይነት ናት፤ መቀመጫዋ ዝቅ ያለ፣ መሪዋ እንደ ሰንጋ ቀንድ የተዘረጋ፣ የኋላ ጎማዋ የመኪና የሚያህል። ነጂው እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ስለሚቀመጥ የባጃጅ ሾፌሮች «ሶፋዋ» ይሏታል። በድንጋይና በእሾህ መሃል ፍየል ለሚከትብ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሞተር የሰጠ ሰው አርቆ አሳቢ መሆን አለበት። ያሰበው በጣም ከሩቅ ሆኖ ነው።

ሶፋዋን የምትነዳው እሴት ናት፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያችን። በመስከረም ሁለቱም ጎማዎች አልቀው እንደ ተላጨ ራስ ለጥ አሉ። እሴት ማመልከቻ ጻፈች። ከቦርደዴ አስፋልት ወደ ውስጥ ባሉት መንደሮች የፍየል ሳምባ በሽታ ገብቷል፤ ክትባቱ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ ጊዜው ሊያልፍበት ነው፤ ጎማ ከተገዛልኝ በጥቂት ቀን ውስጥ ሁሉንም እከትባለሁ የሚል ነበር። ማመልከቻው ግማሽ ገጽ ብቻ ሆነ። ኃላፊያችን አቶ አጥናፉ በዚህ ተጠራጠሩ፤ በዘመናቸው ግማሽ ገጽ የሚያህል ችግር አይተው አያውቁም።

ስለዚህ በእሳቸው ሰብሳቢነት የጎማ መራጭ ኮሚቴ ተቋቋመ። አምስት ሰው ሆነን ሶፋዋን እየገፋን ወደ ተሻለ ጎሚስታ ሄድን። ተሻለ የተነፈሰውን ይነፋል፣ የተበሳውን ይለጥፋል፤ መለጠፍ ያለፈበትን ደግሞ ቆራርጦ በረባሶ ጫማ ይሠራበታል። ጎንበስ አለና የጎማውን ጎን በጨርቅ ጠረግ አደረገ።

«ይኸው አቦ፣ ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል» አለ። «እሺ በሉኝና ነገ ከድሬ ላስመጣላችሁ።»

አቶ አጥናፉ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «የኔ ልጅ፣ ጎማ ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ተቀባይነት የለውም። ገለልተኛ አካል ያጣራው።»

ተሻለ ወደ እኔ አየ። እኔ እየጻፍኩ ነበር።

በማግስቱ የኋላው ጎማ ለናሙና ተፈትቶ ሶፋዋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የንብረት ክፍሏ እትዬ ኮከቤ የመሥሪያ ቤቱን መጥረጊያ ሳይቀር ቁጥር የሚጽፉ ሰው ናቸው። የጎማውንም ጎን ዙሪያውን በነጭ ቀለም «ጭ07፣ ጭ07» እያሉ ሞሉት። ከዚያ ወደ ፍሬ ነገሩ ገባን። አንዱ አባል ለመሥሪያ ቤቱ ገጽታ ሲባል ነጭ መስመር ያለው ጎማ ይሁን አለ። ሌላው ጥርሱ የወጣ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ሦስተኛው እስከዚያ ቀን ማንም ያላየውን በደል አነሳ፤ የፊተኛው ጎማ ቀጭን፣ የኋለኛው ወፍራም የሆነው በምን ፍትሕ ነው? የፊተኛው ምን አጠፋ? በዚህ ላይ ከሰዓቱን ሙሉ ተከራከርን፤ ሁለት አባላት ተኳርፈው እስከ ዛሬ ሰላምታ የላቸውም።

ነገሩ ሲከር የበደሳ ባልደረቦቻችን እንዲህ ዓይነት ሞተር አላቸው ተባለና በመሥሪያ ቤቱ ብቸኛ መኪና ለልምድ ልውውጥ ተነሳን። ጎማውም ጣሪያ ላይ ታስሮ አብሮን ወጣ። በር ላይ እሴት የክትባት ሳጥኗን በትከሻዋ አንግታ ቆማ አገኘናት። መኪናው መጀመሪያ ቦርደዴ ቢያደርሳት ምን እንደሚመስላቸው አቶ አጥናፉን ጠየቀች። እሳቸውም መኪናው ለጎማ ጥናት መመደቡን አስረድተው፣ «የምንለፋው ላንቺ አይደለም እንዴ?» አሏት። ድምፃቸው ውስጥ እውነተኛ ቅሬታ ነበር።

የበደሳዋ ሞተር ከተሰረቀች ዓመት አልፏታል። ባልደረቦቻችን ግን ያቺ ሞተር ድሮ ምን ዓይነት ጎማ እንደነበራት ምሳ ላይ በስፋት አጫወቱን። ሁለት ቀን ቆይተን፣ እያንዳንዳችን አምስት አምስት ኪሎ ቡና ይዘን ተመለስን። እንደሄደ የመጣው ጎማው ብቻ ነው። ጭሮ ስንደርስ «ለዝርዝር ምርመራ» ብለን ተሻለ ደጃፍ ጣልነው። ምን እንደሚመረምር አልነገርነውም።

በዚህ መሃል ከቦርደዴ በታች ያለ በድሪ የሚባል ፍየል አርቢ ቢሮ ይደውል ነበር። ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። መጀመሪያ የደወለው ፍየሎቹ ማሳል ጀመሩ ሊል ነው። ጎማው በጥናት ላይ ነው አልኩት። ቀጥሎ ሲደውል ሦስቱ ኮሚቴውን ሳይጠብቁ ሞተው ነበር።

«ማሎ ወንድሜ» አለኝ፣ «እኔ የለመንኩት መርፌ ነው። ስለ ጎማ የምትነግረኝ ለምንድነው?»

እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ሄጄ ለአቶ አጥናፉ ነገርኳቸው። እሳቸውም አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁና «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ።

በታኅሣሥ ኮሚቴው አሥራ አራት ገጽ ውሳኔ አወጣ። ጭብጡ፣ የሚገዛው ጎማ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ይሁን የሚል ነው። ተሻለ በማግስቱ ሁለቱንም ከድሬ አስመጣ። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ለስላሳ ተጠጣ። እሴት የሞተሯን ቁልፍ ይዛ ስትቀርብ እትዬ ኮከቤ የንብረት ክፍሉን በር በወገባቸው ዘጉት።

«አሮጌው ሳይገባ አዲሱ አይወጣም» አሉ።

ይህ ደንብ ነው፤ በደንብ ደግሞ አይቀለድም። የፊተኛው አሮጌ ጎማ እዚያው ተፈትቶ ገባ። የኋለኛውስ? ሁላችንም ተያየን። መደርደሪያ ሥር ተፈለገ፣ በደሳ ተደወለ። አቶ አጥናፉ አፋላጊ ንዑስ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ተሻለ ደጃፍ የጣልነው አምስታችንም አባል ሆንን፤ አንዳችንም አላስታወስንም። እሴት ሳጥኗን በረዶ ሞላች፣ ከተማ ወርዳ እሾህ የማይበሳው በረባሶ ገዛች፣ ሚኒባስ ተሳፍራ ቦርደዴ ወረደች። ከአስፋልቱ ወዲያ ያለውን በእግሯ ገባችበት። እንቁላሉ የት እንደደረሰ አላውቅም።

በስድስተኛው ቀን ንዑስ ኮሚቴው እንደተሰበሰበ በሩን ከፍታ ገባች። እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሳለች፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አራት መቶ አሥራ ሁለት ፍየል መከተቧን፣ የበድሪም ቀሪዎቹ መትረፋቸውን ነገረችን። ደስ አለኝ፣ ላጨበጭብ እጄን አነሳሁ። ሌላው ግን አልሰማትም፤ እትዬ ኮከቤ ጣታቸውን ወደ እግሯ ቀስረው ነበር። በግራው በረባሶ ማሰሪያ ላይ በነጭ ቀለም «ጭ07» ይላል። በቀኙም «ጭ07» ይላል።

ተሻለ ተጠርቶ መጣ። «ከሁለት ወር በላይ አስቀመጥኩት» አለ። «የጠየቀኝ የለም። የተላጨ ጎማ ምን ላድርገው? ጫማ አደረግኩት።»

ሁላችንም አቶ አጥናፉን አየን። እሳቸው ብድግ አሉ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ፊታቸውም በራ።

«ጓዶች፣ ይህ ጎማ ከቦርደዴ አስፋልት ወዲያ ያለውን ድንጋይና እሾህ አቋርጦ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ፍየል አስከትቦ፣ ሳይበሳ ተመልሷል። ታዲያ ጎማው አልቋል ያለን ማነው?»

ተጨበጨበ። አሮጌው ጎማ በሥራ ላይ ስላለ አዲሶቹ እንዳይቆሽሹ ንብረት ክፍል እንዲቆዩ ተወሰነ። በረባሶው በመዝገብ ገብቶ ለእሴት በፊርማ ተሰጣት። ወደፊት ሲያልቅም፣ አሉ አቶ አጥናፉ፣ በምን ዓይነትና በምን ልክ እንደሚተካ የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋማል።

እሴት ፈረመች። እስኪርቢቶውን አስቀመጠችና በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«ጋሽ አጥናፉ፣ ኮሚቴ አያስፈልግዎትም። የእግሬ ቁጥር ሠላሳ ስምንት ነው።»

አቶ አጥናፉ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። እኔም ከአፋቸው ሳይወጣ ጻፍኩት፤ ባለሙያዋ ስለ ራሷ እግር የሰጠችው ምስክርነት ተቀባይነት ስለሌለው ገለልተኛ አካል እንዲለካት ተወስኗል።